ጽዋው ሲዞር

መርካቶ ምናለሽ ተራ ገና ሳይታይ ይሰማል። ሰፈሩ መዶሻ ነው። በርሜሉ ምድጃ፣ የመኪና ጎማው በረባሶ፣ የቀለም ጣሳው የቆሻሻ ማፈሻ እየሆነ ይወጣል፤ እዚያ ተጥሎ የሚቀር ዕቃ የለም። አንድ ቅዳሜ የከሰል ምድጃ ልገዛ ሄጄ ዋጋ ስከራከር ዓይኔ ከቀጥቃጩ እግር ሥር አረፈ። አራት ማዕዘን የእርዳታ ዘይት ጣሳ ነበር፤ ጎኑ ተተርትሮ እንደ ቆዳ ተዘርግቷል። ቀለሙ ተልጦ፣ ከሁለቱ የተጨባበጡ እጆች ሥዕል አንደኛው ብቻ ቀርቷል። ሰውየው በመዶሻው ደጋግሞ ሲመታው በስፌቱ ውስጥ ተደብቆ የከረመው ዘይት ሞቆ ሸተተ። የቆየ፣ ትንሽ አቧራ አቧራ፣ ትንሽ ዓሣ ዓሣ የሚል ሽታ።

ያንን ሽታ አውቀዋለሁ። የትየርኪዲ ሽታ ነው።

ትየርኪዲ ከጋምቤላ ከተማ በኢታንግ መንገድ የሚገኝ የደቡብ ሱዳናውያን የስደተኞች መጠለያ ነው። ታኅሣሥ 6 ቀን 2006 ዓ.ም. ጁባ ላይ በፕሬዚዳንት ሳልቫ ኪርና በምክትላቸው በነበሩት በሪክ ማቻር ወታደሮች መካከል የተጀመረው ተኩስ፣ በሳምንታት ውስጥ የኑዌርን አገር አዳርሶ ሕዝቡን በፓጋክ ድንበር በኩል ወደ እኛ ገፋው። መጠለያው የተከፈተው በዚያው ዓመት የካቲት ላይ ነው። እኔ ስደርስ ሣሩ ተረግጦ አልቆ፣ ቦታው ዞንና ብሎክ ወጥቶለት፣ ሻይ ቤትና ፀጉር ቤት ያለው ከተማ ሆኖ ነበር። ሥራዬ እህል ማከፋፈያው ላይ ነበር። ካርድ አያለሁ፣ የቤተሰብ ቁጥር እጠራለሁ፣ ማሽላው፣ ክኩ፣ ጨውና ዘይቱ በልኩ መሰፈሩን እመለከታለሁ። ለአንድ ሰው በቀን 2,100 ካሎሪ የሚለውን ዓለም አቀፍ ልክ በቃሌ የያዝኩት እዚያ ነው።

ባዶው ጣሳ ግን ከኛ እጅ ከወጣ በኋላ ሌላ ሕይወት ነበረው። ውኃ መቅጃ ይሆናል፣ የዶሮ ቤት ይሆናል፣ ተተርትሮ ተሰፍቶ በር ይሆናል። ከማከፋፈያው ብዙም የማይርቅ አንድ ጸሎት ቤት በሩ እንዳለ ከዚህ ጣሳ ነበር። ሠሪው ለሥዕሉ አልተጨነቀም፤ የተጨባበጡት እጆች አንዳንዱ ቀጥ ብለው፣ አንዳንዱ ተዘቅዝቀው፣ አንዳንዱ መሐል ለመሐል ተቆርጠው በሩን ሞልተውታል። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ 40 ዲግሪን ሲነካ በሩ ይግላል፤ ያ ሽታም ከመዝሙሩ ጋር አብሮ ይወጣል።

እሑድ ጠዋት ትየርኪዲ የሚነቃው በከበሮ ነው። ከየዞኑ ሰልፍ ይነሣል። ፊት ለፊት መስቀል የተሰፋበት ባንዲራ፣ ከኋላው ነጭ የለበሱ ሴቶች፣ ከነሱ ኋላ አቧራውን የሚያስነሡ ልጆች። እርምጃቸው የወታደር ነው፤ ድምፃቸው ግን የወታደር አይደለም። ጸሎት ቤቱ ውስጥ ወንበሩም ከጭቃ የተሠራ ነው፤ ከመሬቱ በአንድ ክንድ ከፍ ብሎ በረድፍ የተለሰነ፣ ከብዙ መቀመጥ የተነሣ የለሰለሰ።

እኛ ደገኞቹ ሠራተኞች ያንን ሰልፍ ከሻይ ቤት ሆነን እናየው ነበር። የሚባለውም ያው የታወቀው ነው። «በስንዴና በዘይት የመጣ ሃይማኖት!» አንዱ የሥራ ባልደረባችን፣ በልጅነቱ ድቁና የተማረ፣ ይህን ሲል አንድም ቀን ክፋት አልነበረበትም፤ ዝናብ መጣ እንደማለት አድርጎ ነው የሚለው። ልጅ ሆኜም በሰፈራችን አንድ ሰው ሃይማኖቱን ከቀየረ፣ ምን አሳምኖት እንደሆነ የሚጠይቅ አልነበረም። «ስንት ኩንታል ሰጡት?» ነበር ጥያቄው።

ነገሩ ከሜዳ የመጣ ሐሜት ነው ለማለት ግን አልችልም። መጋዘን የሠራ ሰው ይህን ያውቃል። የደብተርና የልብስ እርዳታ ይመጣል የተባለበት ጸሎት ቤት በዚያ ሳምንት ይሞላል። የትምህርት ዕድል ወሬ ሲነሣ የጥምቀት ክፍል ተማሪ ይበዛል። አንዲት ማማ ነበሩ፤ አጭር ሳቅ ያላቸው፣ አምስት ልጅ የሚያሳድጉ። ቅዳሜ ከአድቬንቲስቶች ጋር፣ እሑድ ጠዋት ከፕሬስቢቴሪያኖቹ ጋር፣ እሑድ ከሰዓት ካቶሊኮቹ ዘንድ አገኛቸዋለሁ። በአስተርጓሚ ቀለድኩባቸው፤ የትኛው ይሻላል አልኳቸው። አላፈሩም። ቅዳሜ ያለው ጥላው ጥሩ ነው፣ እሑድ ጠዋት መዝሙሩ፣ ከሰዓት ደግሞ ልጆቹን ብስኩት ያበሏቸዋል አሉ። ከዚያ ጨምረው፣ ሦስቱም ቦታ የሚጠራው አንድ ስም ስለሆነ ሰሚው አይቸገርም አሉኝ። አስተርጓሚው ይህን ሲተረጉም ራሱ ሳቀ። እኔ እስከዛሬ ይህ አባባል ብልጠት ይሁን እምነት አልለየሁትም።

ዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 6ን ካነበባችሁ ጉዳዩ ከትየርኪዲ በጣም ይቀድማል። አምስት ሺህ ሰው በልቶ ከጠገበ በኋላ ሕዝቡ ባሕር ተሻግሮ ኢየሱስን ፍለጋ ሲመጣ፣ የመጡት ምልክቱ ገብቷቸው ሳይሆን ሆዳቸው ስለሞላ መሆኑን ፊት ለፊት ይነግራቸዋል። ሰባኪዎቻችን እዚህ ላይ ያቆማሉ። እኔን ግን ሁለት ነገር ይገርመኛል። አንደኛ፣ ይህን የተናገረው አብልቶ ከጨረሰ በኋላ ነው፤ ዳቦውን መፈተኛ አላደረገውም። ሁለተኛ፣ በምዕራፉ መጨረሻ ብዙዎቹ ትተውት ሲሄዱ የሄዱት ዳቦ ስላለቀ አይደለም። ንግግሩ ስለከበዳቸው ነው። ለዳቦ መምጣትና በዳቦ ማጣት መሄድ ሁለቱ አንድ ይመስሉናል እንጂ አይደሉም።

ክርስትና ወደ ጋምቤላ ወንዞች የገባበት መንገድም ከዕቃ የተለየ አልነበረም። ከተማዋ ራሷ የተቆረቆረችው ምኒልክ በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዞች ጋር በተዋዋሉት ውል ባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ ሆና ነው፤ ቡና በጀልባ ወደ ካርቱም ይወርድ ነበር። በ1940ዎቹ አሜሪካዊው ፕሬስቢቴሪያን ዶን ማክሉር ፖክዎ ላይ በአኙዋኮች መካከል ጣቢያ ሲከፍት ከወንጌሉ ጋር ክሊኒክና እርሻ ይዞ ነበር። ማክሉር መጋቢት 1969 ጎዴ ላይ በታጣቂዎች ተገደለ። የፕሬስቢቴሪያኖቹ ሚስዮን ያፈራት የቤቴል ቤተ ክርስቲያን በ1966 ከመካነ ኢየሱስ ጋር ተቀላቅላለች። ኑዌሮቹ ዘንድ ግን ሚስዮኖቹ ለአሥርት ዓመታት ደክመው ያገኙት አማኝ ጥቂት ነበር። ሕዝቡ በገፍ የተጠመቀው ጦርነት ከቀዬው ነቅሎ ኢታንግ ካሰፈረው በኋላ ነው። የደርግ ዘመኑ የኢታንግ መጠለያ በወቅቱ ከዓለም ትልልቆቹ አንዱ ነበር፤ ግንቦት 1983 ደርግ ሲወድቅ በቀናት ውስጥ ባዶ ቀረ።

ከዚያ ዘመን የተረፉ አንድ ሽማግሌ ትየርኪዲ ላይ ነበሩ። ግንባራቸው ላይ ከጆሮ እስከ ጆሮ የሚሄዱት ስድስት የወንድነት መስመሮች በእርጅና ተሸብሽበዋል። አማርኛ የተማሩት ኢታንግ ነው፤ የተጠመቁትም እዚያው፣ ገና ጎረምሳ ሳሉ። «አባባ፣ ያኔ ለምን ተጠመቁ?» ብላቸው ብዙም አላሰቡም።

«ሁሉ ሰው ይጠመቅ ነበር። ብርድ ልብስም ነበር» አሉኝ።

በሌላ ሰው አፍ ቢሆን መሳለቂያ ይሆን ነበር። እሳቸው ግን ልክ የትውልድ ቦታቸውን እንደሚናገር ሰው ነው የተናገሩት። የእምነታቸው መነሻ ብርድ ልብስ ነው። መድረሻው ሌላ ቦታ መሆኑን ያወቅሁት ቆይቼ ነው።

በዚያ ጸሎት ቤት ጽዋ የሚቀርበው በወር አንድ ጊዜ ነበር። ወይን የለም። ከርከዴ ዘፍዝፈው፣ አጥልለው፣ ስኳር ሳይጨምሩ ያቀርቡታል፤ ቀለሙ ከደም ይልቅ ይደምቃል። ኅብስቱ ከእርዳታ የመጣ ብስኩት ነው፤ እኛው ያከፋፈልነው፣ በላዩ ላይ የፋብሪካው ፊደል የታተመበት። መጋቢው በፊደሉ መሐል ለመሐል ይቆርሰዋል። ጽዋው አንድ የኒኬል ዋንጫ ነበር፤ ከአንዱ የጭቃ ወንበር ወደ ሌላው ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፣ ከንፈር የነካበት ቦታ በነጭ ጨርቅ ይጠረጋል። ጎረምሶቹ ጎንጨት አድርገው ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ። አንዳንዱ ሁለቴ ይጎነጫል፤ በዚያ ሙቀት ማን ይፈርድበታል?

ሽማግሌው ስብከቱን ሁሉ ሰምተው፣ መዝሙሩን ሁሉ ዘምረው፣ ጽዋው ከመነሣቱ በፊት ብድግ ብለው ይወጡ ነበር። ዱላቸውን ይዘው፣ ጎንበስ ብለው፣ በጣሳው በር። በሚቀጥለው ወርም እንዲሁ። ውጭ የኒም ዛፍ ሥር ተቀምጠው ጸሎቱ ሲያልቅ ከሰዉ ጋር ሰላም ተባብለው ይሄዳሉ። መጀመሪያ ሕመም መሰለኝ።

ነገሩ ሌላ ነበር። ከጦርነቱ ሁለት ዓመት በፊት፣ ድንበሩ ማዶ፣ በከብት ጠብ የበኩር ልጃቸው ተገድሏል። ገዳዩ አልተገኘም፤ አጎቱ ግን እዚሁ ትየርኪዲ ነው። እዚሁ ጸሎት ቤት፣ ከሳቸው ሦስት ወንበር ፊት ይቀመጣል። በኑዌር ሥርዓት የገዳይ ወገንና የሟች ወገን፣ የደም ከብት ተከፍሎ፣ የነብር ቆዳ የሚለብሰው የምድር ካህን ሥርዓቱን እስኪፈጽም ድረስ በአንድ ዕቃ አይበሉም፣ አይጠጡም። ቢጠጡ ሞት ይመጣል። የደሙ ካሣ እንደየዘመኑ 40፣ 50 ከብት ነው። መጠለያ ውስጥ ደግሞ ከብት የለም።

አንድ እሑድ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ውስጥ ጽዋው እየዞረ፣ ዝማሬው ዝቅ ብሎ ይሰማል።

«አባባ፣ ለምን ይወጣሉ?»

«ጽዋው አንድ ነው። እሱም ይጠጣበታል» አሉ፣ በአገጫቸው ወደ ውስጥ እያመለከቱ። «ከሱ ጋር በአንድ ዕቃ ከጠጣሁ ልጄ አልሞተም ማለት ነው። ልጄ ግን ሞቷል።»

«መጋቢው ክርስቶስ ያንን ሥርዓት ሽሮታል ይላሉ እኮ።»

«መጋቢው ወጣት ነው።» ዝም አሉ። ከዚያ፦ «ክርስቶስ ከሻረው እዚህ ውስጥ ይሻረው» ብለው ደረታቸውን በጣታቸው መቱ። «ያን ቀን እጠጣለሁ። ዛሬ ብጠጣ፣ ልጄ፣ ውሸት ነው የምጠጣው።»

ፍርሃታቸው የአባቶቻቸው ይሁን የወንጌሉ፣ እንዲህ ነው ብሎ የሚለይ ሰው ካለ እኔ አይደለሁም። ምናልባት ሁለቱ አንድ ቦታ ተገናኝተዋል። ማቴዎስ ምዕራፍ 5 ላይ መባውን መሠዊያው ፊት ትቶ ሄዶ ከወንድሙ ጋር መጀመሪያ እንዲታረቅ የታዘዘው ሰው መባውን ይዞ የገባ ሰው ነው፤ ቤተ መቅደስ የማይሄድ ሰው አይደለም። ሽማግሌው መታረቅ አልቻሉም። የቻሉት መውጣት ነው። ግን ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል፣ በዚያ ጽዋ ውስጥ ከከርከዴ ሌላ ነገር እንዳለ በድርጊት የተናገሩት እሳቸው ብቻ ነበሩ።

ይህ ለኛም እንግዳ መሆን አልነበረበትም። እናቴ ቤት ጽዋ ማኅበር በየወሩ በጊዮርጊስ ቀን ይዞር ነበር። ጠላው ተጠምቆ፣ ዳቦው ተደፍቶ፣ ቄሱ ጸሎት ካደረሱ በኋላ የማኅበሩ ሙሴ ሰውን ዞር ብሎ ያያል። የተጣላ ካለ ጽዋው አይነሣም። አንድ ጊዜ እናቴና ጎረቤታችን በአጥር ምክንያት ተኳርፈው የኛ ቤት ተራ ሲደርስ፣ ሰዉ ሁሉ ተሰብስቦ፣ እንጀራው ቀርቦ እስከ ማታ ድረስ ማንም አልቀመሰም። እኔ ልጅ ነበርኩ፤ ራበኝ። በሩ ሥር ቆሜ ሁለቱ ሴቶች ግራና ቀኝ ሆነው፣ አንዷ ጣሪያ አንዷ መሬት እያዩ፣ መሐላቸው ቄሱ ሲመላለሱ አየሁ። በመጨረሻ ይቅር ሲባባሉ ሁለቱም አለቀሱ፤ አጥሩ ግን እዚያው ቀረ። ዛሬ ያ ማኅበር የቴሌግራም ግሩፕ አለው። መዋጮው በቴሌብር ይገባል፣ ዓመታዊው ዝክር ላይ ሁሉም አንድ ዓይነት ቲሸርት ይለብሳል፣ ፎቶው ያምራል። ማን ከማን እንደተኳረፈ የሚጠይቅ ሙሴ ግን የለም፤ ቢጠይቅም ሰው ከግሩፑ ይወጣል እንጂ አይታረቅም። ስንዴና ዘይት ያልነካው ሃይማኖት ይዘናል የምንል እኛ ነን እንግዲህ።

ትየርኪዲ ውስጥም የጩኸት እምነት ነበር፣ አይካድም። ገበያው አጠገብ ድምፅ ማጉያ የያዘ አንድ ጎልማሳ ዘወትር ኢሳይያስ ምዕራፍ 18ን ይሰብክ ነበር። ከኩሽ ወንዞች ማዶ ስላለው ረዥም ሕዝብ የሚናገረውን ክፍል ብዙ የደቡብ ሱዳን ክርስቲያኖች ስለ ራሳቸው እንደተጻፈ ያነቡታል። እሱም ያንን ከነቢዩ ንጉንዴንግ ቃል ጋር ያዋህደዋል። ንጉንዴንግ ቦንግ በ1898 ዓ.ም. ገደማ የሞቱ የኑዌር ነቢይ ናቸው። እንግሊዞች የወሰዱት በትራቸው በታሪክ ተመራማሪው በዳግላስ ጆንሰን እጅ ቆይቶ ግንቦት 2001 ላይ ጁባ ሲመለስ የተቀበሉት ሪክ ማቻር ነበሩ፤ ይህም ለብዙዎች ትንቢት ተፈጸመ ማለት ነበር። ሰባኪው ጣቱን ወደ ምዕራብ ቀስሮ ማን እንደሚያሸንፍ ሲናገር ሕዝቡ ያጨበጭባል። ያ ስብከት ከማንም ሰው ምንም ነገር አይጠይቅም ነበር፤ መጠበቅ ብቻ። ለዚህ ይመስለኛል ተሰብሳቢው የበዛው።

በጥር 2008 ጋምቤላ ከተማ ውስጥ ኑዌርና አኙዋክ ሲጋደሉ ደግሞ የእምነቱ ሌላው ገጽ ታየ። ሁለቱም ወገን እሑድ እሑድ ያንኑ መጽሐፍ በየቋንቋው የሚያነብ፣ ብዙውም የአንድ ቤተ ክርስቲያን ልጅ ነበር። ሐኪም ቤቱ በዘር ተከፈለ፣ ትምህርት ቤቱ ተከፈለ፣ ጸሎት ቤቱም እንዲሁ። ሽማግሌውን ያኔ አሰብኳቸው። አብሮ መጠጣት ስለማይችሉ ወጥተው ኒም ሥር የሚቀመጡት ሰው ቢያንስ ለምን እንደወጡ ያውቃሉ።

ትልልቆቹም ቢሆኑ ከዚህ አያልፉም። ሚያዝያ 3 ቀን 2011 ቫቲካን ላይ ጳጳሱ ፍራንቸስኮ ተንበርክከው የሳልቫ ኪርንና የሪክ ማቻርን ጫማ ሳሙ። ሁለቱም ጸሎተኛ የሚባሉ ናቸው፤ በዓመቱ በየካቲት 2012 የአንድነት መንግሥት መሥርተዋል። ጳጳሱ በጥር 2015 ጁባ ድረስ ሲመጡ ግን ስደተኛው አሁንም ድንበር ማዶ ነበር። የትየርኪዲ ሰዎች የመሳሙን ቪዲዮ በስልክ እየተቀባበሉ ሲያዩ አንድ ጎረምሳ ያለውን አልረሳም፦ «ሽማግሌው ተነሥተው መቆም እንኳን አቅቷቸው ነበር። እነሱ ግን ቆመዋል።»

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8ን ኢትዮጵያዊ ሁሉ የሚወደው ለጃንደረባው ሲል ነው። የእኛ ሰው፣ በሠረገላው ላይ ኢሳይያስን እያነበበ፣ ውኃ ሲያይ ለመጠመቅ የማይዘገይ። በዚያው ምዕራፍ ከሱ በፊት ግን ሲሞን የተባለ ጠንቋይ አለ። እሱም አመነ ይላል መጽሐፉ፤ እሱም ተጠመቀ፤ እሱም ያጠመቀውን ፊልጶስን ሙጭጭ ብሎ ይከተል ነበር። ከዚያ ጴጥሮስ እጁን ሲጭን መንፈስ ሲወርድ አየና ገንዘብ አወጣ፤ ሥልጣኑን ሊገዛ። ሁለት የተጠመቁ ሰዎች፣ አንድ አጥማቂ፣ አንድ ምዕራፍ። አንዱ ከአጥማቂው አይለይም፤ ሌላው ግን አጥማቂው ከዓይኑ ሲሰወርበት ደስ ብሎት ወደ አገሩ መንገዱን ይቀጥላል። ከመዝገብ ላይ ካየነው ሁለቱም ‘የተጠመቁ’ በሚለው ዓምድ ውስጥ ናቸው። አዲስ አበባ አዳራሽ ሞልቶ፣ ነቢዩ እጁን እንዲጭንበት የሚጋፋውን፣ በፕላስቲክ የታሸገ ዘይትና ውኃ ገዝቶ የሚወጣውን ሕዝብ ሳይ ሲሞንን አስባለሁ። ሲሞን ከሃዲ አልነበረም። እጅግ የተመሰጠ ሰው ነበር።

ሥራውን ትቼ አዲስ አበባ ከገባሁ በኋላ ትየርኪዲ የተመለስኩት በ2015 ክረምት ነው። በዚያ ሰኔ የዓለም የምግብ ፕሮግራምና የአሜሪካው ዩኤስኤአይዲ እህሉ ለታለመለት ሰው አልደረሰም፣ ተሰርቋል ብለው በመላ አገሪቱ እርዳታ አቆሙ። ስደተኛውም አብሮ ተቆረጠበት። ወደ 900,000 የሚጠጋው ስደተኛ ምግብ እንደገና ሊሰፈርለት የተጀመረው በመስከረም 2016 መጨረሻ ነው። የሠራሁበት ማከፋፈያ በሩ ተቆልፎ፣ አጥሩ ላይ ሐረግ ወጥቶበት አገኘሁት። መረገጥ የለመደው መሬት ሣር አብቅሏል። እንጨት ሊለቅሙ ከመጠለያው መውጣት ለሴቶች የሚያስፈራ ጊዜ ነበር፤ ከብሎክ ብሎክ ስሄድ ከብዙ ጎጆ ጭስ አይወጣም።

ስንዴው ሲቀር ሃይማኖቱም ይቀራል ያሉት እነማን ነበሩ? እሑድ ከበሮው ተመታ። ሰልፉ አጠረ፤ ልጆቹ አይሮጡም። ድምፅ ማጉያ የነበረው ሰባኪ ወደ ደቡብ ሱዳን ተመልሷል አሉኝ። የሦስት ቤተ ክርስቲያኗ ማማ የትም አይሄዱም ነበር። ጎጇቸው በር ላይ የዱር ቅጠል ሲለቅሙ አገኘኋቸው፤ አሁን መራመድ ጉልበት ይጨርሳል፣ ሰሚው ከፈለገ እዚህም ይሰማል አሉ። አጭሯ ሳቅ አልጠፋችም። ስለሳቸው ያኔም ለመፍረድ ቸግሮኝ ነበር፤ ያንን ቀን ደግሞ ይበልጥ።

የጣሳው በር ያለው ጸሎት ቤት ግን ሞልቶ ነበር። መባ ሲሰበሰብ ገንዘብ የለም። አንዷ ሁለት ፍልጥ እንጨት፣ አንዷ እፍኝ ከሰል፣ አንዱ ዓሣ ይዞ መጥቷል፤ ፊት ለፊት ተደርድሮ ከጸሎት በኋላ አቅም ላጡት ሦስት ቤቶች ሄደ። ቀጥሎ ጽዋ ነበር። ከርከዴም ስለሌለ ውኃ ነው። ሽማግሌው ዱላቸውን አንሥተው ጎንበስ ብለው ወጡ። ይህን ጠብቄው ነበር። ያልጠበቅሁት ከሦስት ወንበር ፊት የገዳዩ አጎት ተነሥቶ ተከትሏቸው መውጣቱን ነው። ከዚያ አንዲት ሴት። ከዚያ ወንድማማች የሆኑ ሁለት ጎረምሶች፤ አንዱ ወደ ግራ፣ አንዱ ወደ ቀኝ። ኒሙ ሥር፣ ከኒሙ ማዶ፣ ከአጥሩ ጥግ፣ ሰዉ ተበታትኖ ተቀመጠ።

ከጸሎት በኋላ መጋቢው ጎጆው ወሰደኝ። አሁን ወጣት አይደለም፤ ፊቱ ከስቷል። የሦስት ወር ሪፖርት ፎርም ዘርግቶ አሳየኝ፤ አባላት፣ የተጠመቁ፣ የቆረቡ፣ መባ። ከጽዋው በፊት መውጣቱ ከተጀመረ ዓመት አልፎታል አለ። አንድ ቀን የገዳዩ አጎት መጥቶ፣ ሽማግሌው እኔን ብለው ውጭ እየተቀመጡ እኔ ውስጥ ገብቼ መጠጣት አልችልም አለው። እሱ ሲወጣ ሌላውም የራሱን ነገር አሰበ። ባል ከሚስት፣ እህት ከወንድም፣ በውኃ ወረፋ የተጣላ ከተጣላው። ሽማግሌዎቹ አሁን ከሐሙስ እስከ ቅዳሜ ማስታረቅ እንጂ ሌላ ሥራ የላቸውም። የደሙ ከብት ጉዳይም ድንበር ማዶ ላሉ ዘመዶች ተልኳል፤ አልቆ አይደለም።

«ቤቱ ይሞላል፣ ጽዋው ግን እንደሞላ ይመለስልኛል» አለ። «የበላይ ጽሕፈት ቤት ቁጥሩን ሲያይ ምን ይላል? ባለፈው ዓመት ‘የቆረቡ’ የሚለው ሦስት እጥፍ ነበር። ሰው ሃይማኖቱን ተወ ሊሉ ነው።» ፎርሙን ወደኔ ገፋው። «አንተ ፎርም ስትሞላ የኖርክ ሰው ነህ። ውጭ የተቀመጡትን የት ላድርጋቸው?»

ፎርሙን አገላብጬ አየሁት። ዓምድ የላቸውም። እኛ መጋዘን ውስጥ ካርዱ ያልተጣራ ሰው ሲያጋጥመን ስሙ ትይዩ «በሂደት ላይ» ብለን እንጽፍ እንደነበር ነገርኩት። ሳቀ፤ እስክሪብቶውን አንሥቶ ግን ጻፈው። ከዚያ ስንት ናቸው ብሎ ወደ ውጭ ወጣና ኒሙ ሥር ያሉትን በጣቱ መቁጠር ጀመረ።